ማቆሚያ የሌለውን ቤት ከመግዛታችን በፊት የቆጠርኩት

የምንኖርበት ቤት የመኪና ማቆሚያ የለውም። መኪና ግን አለን። እንዲህ ሆነን ስንኖር አራተኛ ዓመታችንን ይዘናል። ቤቱን እንግዛ አንግዛ ስንል ያላማከርነው ሰው አልነበረም፤ የምናገኘው መልስ ግን ሁለት ዓይነት ብቻ ነበር። ግማሹ «ማቆሚያ የሌለው ቤት? አብደሻል እንዴ!» ይለኛል። ግማሹ ደግሞ «ዋናው ቤቱ ነው፤ መኪና የትም ያድራል» ብሎ ያልፈዋል። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ የመጀመሪያዎቹ በሙሉ ግቢያቸው ውስጥ የሚያቆሙ ናቸው፣ ሁለተኛዎቹ ደግሞ አብዛኞቹ መኪና የላቸውም። ስለዚህ እኛ እንዴት እንደወሰንን፣ የቱ ላይ እንደተሳሳትንም ጭምር ልጽፈው አሰብኩ።

ነገሩ የሚጀምረው ማቆሚያ «ካለው» ቤት ነው።

ከዚህኛው በፊት ቀብድ ልንከፍልበት ትንሽ የቀረን አፓርትመንት ነበር። ማስታወቂያው «ከነማቆሚያው» ይላል። ሻጩ ወደ ምድር ቤት ይዘውን ወረዱ። ግድግዳው ላይ በቀለም 14 ተብሎ ተጽፏል፣ የሳቸው መኪና ቆሟል። «ይሄ የኔ ነው፤ ሁሉም ሰው ያውቃል» አሉን። ባለቤቴ ያኔውኑ ልቡ ተነሳ። እኔን ግን ያ «ሁሉም ሰው ያውቃል» የሚሉት ነገር ከነከነኝና ወረቀቱን እንይ አልኩ። የባለቤትነት ማረጋገጫው ላይ የቤቱ ቁጥር አለ፣ ስፋቱ አለ፤ ስለ ማቆሚያ ግን አንድም ቃል የለም።

የዚያን ዕለት የተማርኩት ይህ ነው፦ «ማቆሚያ አለው» ሲባል ሦስት የማይገናኙ ነገሮች ማለት ሊሆን ይችላል። አንደኛው፣ ቦታው ራሱ ከቤቱ ጋር ተመዝግቦ አብሮ የሚሸጥ ነው። ሁለተኛው፣ ቦታው የሕንፃው ነዋሪዎች የጋራ ንብረት ሆኖ ለዚያ ቤት ብቻ እንዲያገለግል በጽሑፍ የተመደበ ነው። ሦስተኛው ግን ልማድ ብቻ ነው፤ ቀድሞ የገባ ሰው ቀለም ቀብቶ ይዞታል፣ ሌላውም ዝም ብሎታል። የኛዎቹ ሻጭ የያዙት ሦስተኛውን ነበር። የነዋሪዎቹን ኮሚቴ ሰብሳቢ አግኝቼ ስጠይቃቸው ቁጥሮቹ የተጻፉት መኪና ያላቸው ነዋሪዎች ጥቂት በነበሩበት ጊዜ መሆኑን ነገሩኝ። አሁን ቤቱ 30፣ ማቆሚያው 22 ስለሆነ በየዓመቱ ዕጣ ሊያወጡበት እየመከሩ ነው። ሻጩ ይህን ሳያውቁ ቀርተው አይመስለኝም።

ሜትርም ይዤ ነበር። አንድ የመኪና ማቆሚያ ብዙ ጊዜ 2.5 ሜትር ገደማ ወርድና 5 ሜትር ገደማ ርዝመት ይኖረዋል። 14 ቁጥር ከዓምዱ እስከ ግድግዳው ስለካው 2.2 ሜትር ሆነ። የኛ መኪና ስፖኪዮዎቹ ተዘርግተው 2 ሜትር ይሞላል። ደላላው «እህቴ፣ መኪናው እኮ ይገባል!» አለኝ። መኪናውማ ይገባል፤ ሰውየው በምን ይወጣል? የሻጩ መኪና ትንሽ ስለነበረች ጉዳዩ አይታያቸውም። እናንተም ስታዩ የሻጩ መኪና ቆሞ ከሆነ እንዲያወጡት ጠይቁና የራሳችሁን አስገቡ። በሩን ከፍታችሁ ውረዱ፣ ከኋላ ወንበር ልጅ አውርዱ። መግቢያው ጠመዝማዛ ከሆነ ደግሞ መውጣትንም ሞክሩ፤ እኔ መውጫው ላይ ሦስት ጊዜ ኋላና ፊት ብዬ ነው የተላቀቅኩት።

ያንን ቤት ተውነው። የተውነው ማቆሚያ ስለሌለው አልነበረም፣ የሌለውን ማቆሚያ ዋጋ ስለሚያስከፍለን እንጂ።

ከሁለት ወር በኋላ ይኼኛውን አገኘን። ጠባብ መንገድ ላይ ያለ አሮጌ ቤት ነው። በሩ በቀጥታ እግረኛ መንገዱ ላይ ይከፈታል፣ ከጀርባ ትንሽ ጓሮ አለው፣ ጓሮው ግን ጋሪ እንኳ አያስገባም። ብርሃኑ ደስ ይላል። የሚሸጡት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ገና ከመግባታችን «ልጆቼ፣ ከወዲሁ ልንገራችሁ፣ ማቆሚያ የለውም። እኔ መኪና ኖሮኝ አያውቅም» አሉን። እውነት ለመናገር ቤቱን ግማሽ በግማሽ የሸጡልኝ በዚህች ንግግር ነው። እዚያው መንገድ ላይ ያለ፣ በስፋቱም በዕድሜውም የሚመስለው ግን መኪና የሚያስገባ በር ያለው ቤት ከዚህኛው 12 በመቶ ያህል ይወደድ ነበር።

ደላላው (ሌላ ደላላ ነው፣ ጠባዩ ግን ያው ነው) «ማቆሚያ ምን ያደርግላችኋል? መንገዱ እኮ ባዶ ነው» አለን። እውነቱን ነው፣ ባዶ ነበር። ማክሰኞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ማን መኪናውን ቤቱ ያቆማል?

ስለ ማቆሚያ ዕድሜ ልካቸውን ያጠኑት የከተማ ፕላን ፕሮፌሰር ዶናልድ ሹፕ የግል መኪና ከዕድሜው 95 በመቶ ያህሉን የሚያሳልፈው ቆሞ ነው ይሉ ነበር። ሰምቼው የማውቀው ነገር ነው፤ ያን ሰሞን ግን እንደ አዲስ ገባኝ። የምንመርጠው መኪናው የሚያድርበትን ቦታ ነው። መንገድ ላይ የሚያድር መኪና ደግሞ ቦታ የሚያገኘው ወይም የሚያጣው ሌሎቹ ሁሉ ሲገቡ፣ ማታ ነው። ስለዚህ ደብተር ገዛሁና መቁጠር ጀመርኩ።

ለ14 ቀን ቆጠርኩ። ከቤቱ በር በሦስት ደቂቃ እግር መንገድ ውስጥ፣ ማቆም በሚፈቀድበት ዳር ብቻ፣ የኛን መኪና የሚያስገባ ክፍት ቦታ ስንት አለ? አንዳንዱን እኔ፣ አንዳንዱን ባለቤቴ፣ አንዳንዱን ደግሞ እዚያ ሰፈር የሚኖር የሥራ ባልደረባዬ ቆጠረልኝ። ቀን ላይ ከ10 በታች ሆኖ አያውቅም። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ አራት ወይም አምስት። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ አንድ፣ አንዳንዴም ምንም። ባለቤቴ የማታ ፈረቃ ስለሚሠራ የሚገባው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ ነው፤ በዚያ ሰዓት ከ14ቱ ሌሊት በ9ኙ ምንም አልነበረም። አንድም።

አማካዩን አስልቼ ነበር። ተውኩት፣ አይጠቅምም። በአማካይ ሦስት ክፍት ቦታ አለ ማለት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ደክሞት ለሚዞር ሰው ምኑም አይደለም። መታየት ያለበት ክፉው ሌሊት ነው፤ ዝናብ የጣለበት ቅዳሜ ምሽት፣ ሰው ሁሉ እንግዳ የጠራበት ቀን፣ አንደኛው የመንገድ ዳር ለጽዳት ወይም ለቁፋሮ የተዘጋበት ቀን። ምልክቶቹንም ቁጭ ብላችሁ አንብቡ። እኔ ነፃ ብዬ ከቆጠርኳቸው ቦታዎች ሁለቱ ከተወሰነ ሰዓት በኋላ የሚከለከሉ ሆነው ተገኙ።

በመጨረሻዎቹ አምስት ቀናት ባለቤቴ አንድ ነገር አደረገ፤ እዚያ እንደሚኖር ሰው ሆነ። ከሥራ ሲወጣ ወደ አዲሱ ቤት ይነዳል፣ ቦታ እስኪያገኝ ይዞራል፣ ያቆማል፣ በእግሩ እስከ በሩ ሄዶ በሩን ነክቶ ይመለሳል፣ ከዚያ ወደ ቤታችን ይመጣል። በሦስተኛው ሌሊት አንድ ሽማግሌ ባትሪ አብርተው «አንተ! ምን ፈልገህ ነው?» ብለው አስቆሙት። ቤት ልገዛ ነው ብሎ ማስረዳት በሌሊት ቀላል አይደለም። ለነገሩ እኚህ ሰው በኋላ ይመጣሉ፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። በአምስቱ ቀናት ካገኘው ቦታ ሁሉ የራቀው በእግር 9 ደቂቃ የሚያስኬድ ነበር፣ ለመዞርም እስከ ሩብ ሰዓት ፈጅቶበታል።

9 ደቂቃ ለባለቤቴ ምንም አይደለም፣ እንዲያውም እግሬን አፍታታሁ ይላል። ጥያቄው ግን ማን ነው የሚሄደው የሚለው ነበር። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፤ የኔ 9 ደቂቃ ለሷ ከ20 ደቂቃ በላይ ነው። እሷን በር ላይ አውርዶ መሄድ ይቻላል፤ ለዚያ ግን በሩ ላይ ሁለት ደቂቃ ለመቆም የሚፈቅድ መንገድ መኖር አለበት፣ ከኋላ ክላክስ የሚያስጮህ ሰው ሲኖር ሁለት ደቂቃ ረጅም ነው። አስቤዛና የጋዝ ሲሊንደርም እንዲሁ፤ አውርዶ፣ አስገብቶ፣ ከዚያ ማቆሚያ ፍለጋ።

ሁለት አዋቂ ካለ ይህ ሁሉ ይቻላል። የማይቻለው አንድ ሰው ብቻውን ሲሆን ነው። ልጃችን ያኔ ሦስት ዓመቷ ነበር። መኪና ውስጥ እንቅልፍ ወስዷት ከእቃ ጋር ብቻዬን ስመጣ ምን አደርጋለሁ? ቤት አስገብቼ አስተኝቼ መኪና ላቆም ልሂድ? አይሆንም። መኪና ውስጥ ትቻት እቃ ላስገባ? እሱም አይሆንም። ወይ እቃው መኪና ውስጥ ያድራል፣ ወይ ልጅና እቃ ተሸክሜ 9 ደቂቃ እሄዳለሁ። ቤቱን ልንተወው የደረስነው እዚህ ጋ ነው። ያዳነን ደብተሩ ነው፤ ከልጄ ጋር የምመለሰው ሁልጊዜ ከምሽቱ 1 ሰዓት በፊት ነው፣ በዚያ ሰዓት ደግሞ በ14ቱም ቀን ቦታ ነበር። የኔ ሥራ የማታ ቢሆንና የሱ የቀን ቢሆን ኖሮ አንገዛውም ነበር። ያው ቤት፣ ያው መንገድ፣ ያው መኪና ሆኖ።

የገንዘቡን ነገር ባጭሩ ልበል። የ12 በመቶውን ልዩነት በአካባቢው ጥበቃ ያለው ማቆሚያ በዓመት በሚያስከፍለው ስናካፍለው 17 ዓመት ገደማ መጣ። ማለትም ማቆሚያ ያለውን ቤት ብንገዛ የ17 ዓመት ኪራይ በአንድ ጊዜ ከነወለዱ እንከፍላለን። ኪራዩ እንደሚጨምር አሰብንና 10 ዓመት ብለን ያዝነው፤ ያኔም ማቆሚያ የሌለው ይሻላል። ይህ ስሌት የሚሠራው ግን የሚከራይ ቦታ በእርግጥ ካለ ነው። ቦታ ከሌለ ዋጋው ስንት ነው ማለትም ትርጉም የለውም። መኪናውን ሸጠን በታክሲ ብንሄድስ ብለንም አስልተን ነበር፤ የባለቤቴ የሌሊት መመለሻ አላስኬደንም።

አሁን ስህተታችንን ልንገራችሁ።

ከቤቱ ሁለት ቤት አለፍ ብሎ ባዶ ቦታ ነበር። ጥበቃው በወር እየተቀበለ ሌሊት መኪና ያሳድራል። ሄደን አነጋገርነው፣ «ኑ፣ ቦታ ሞልቷል» አለን። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ያለው ዜሮ በዚህ ተሸፈነ ብለን ደስ አለን፤ ለባንክም፣ ለእናቴም፣ ለራሳችንም «ማቆሚያ አጠገባችን አለ» እያልን ገዛን። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚሉት ለካ ለጌጥ ብቻ አይደለም። በገባን በስምንተኛው ወር ባዶው ቦታ በቆርቆሮ ታጠረ፣ በሳምንቱ ቁፋሮ ማሽን ገባ።

ቦታውን ማጣታችን አልነበረም ክፉው። እዚያ ያድሩ የነበሩ 11 መኪኖች በአንድ ሌሊት መንገዱ ላይ ወጡ። የ14 ቀን ቆጠራዬ በሙሉ ዋጋ አጣ። ስቆጥር መንገድ ላይ ያሉትን ብቻ ነበር የቆጠርኩት፤ ባዶው ቦታ ውስጥ ያሉትን ቆጥሬ «እነዚህ ነገ መንገድ ላይ ቢወጡስ?» ብዬ ብደምራቸው ኖሮ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ቦታ እንደማይገኝ ያኔውኑ አይ ነበር። እንግዲህ የምትቆጥሩ ከሆነ እንደዚያ ቁጠሩ። በአካባቢው ያለ ባዶ መሬት፣ የሚፈርስ የሚመስል ቤት፣ ተጀምሮ የቆመ ሕንፃ ሁሉ የወደፊት መኪና ነው። ግንባታ ካለ ስንት ቤት፣ ስንት ማቆሚያ እንዳለው ጠይቁ፤ የማይበቃው ወደናንተ መንገድ ይወጣል።

በጃፓን ከ1962 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ባለ ሕግ መሠረት በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል መኪና ለማስመዝገብ መጀመሪያ የማቆሚያ ቦታ እንዳለህ ማረጋገጫ ማምጣት አለብህ፣ ቦታውም ከመኖሪያህ ከ2 ኪሎ ሜትር መራቅ የለበትም። ይህን ያነበብኩት በነዚያ ቀናት ነው፣ በንዴት ሳቅሁ። እኛ መኪናውን ገዛን፣ ቤቱን ገዛን፣ ቦታውን በሦስተኛ ደረጃ መፈለግ ጀመርን።

ያ ወር ከባድ ነበር። ስፖኪዮ ሁለት ጊዜ ተሰበረብን፣ በሁለተኛው ጊዜ ማን እንደሰበረው አይተናል፣ ይቅርታም አልጠየቀም። ባለቤቴ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ እየገባ ሳይናገር መተኛት ጀመረ። ኢንሹራንሱን ስናድስ ደግሞ ፎርሙ መኪናው ሌሊት የት እንደሚያድር ይጠይቃል። የድሮውን «ግቢ ውስጥ» የሚለውን እንዳለ እንተወው ብሎ ባለቤቴ ሊያልፈው ነበር፤ ከለከልኩት። አደጋ ደርሶ ካሳ ሲጠየቅ ያች መስመር ትመጣለች። እውነቱን ጻፍን፣ ክፍያውም ጨመረ። ይህንን ጭማሪም ከመግዛታችን በፊት ስሌቱ ውስጥ ማስገባት ነበረብን።

ባለ ባትሪው ሽማግሌ እዚህ ጋ ነው የሚመጡት። ጋሼ ግቢያቸው መኪና ያስገባል፣ መኪናቸውን ግን ዓይናቸው ሲደክም ሸጠዋል። ለስምንት ወር በበራቸው ስናልፍ ይህን አላየነውም። ሰላምታ ብቻ ነበር የምንለዋወጠው። በመጨረሻ ተነስቼ ሄጄ ጠየቅኋቸው፤ «ለጎረቤት ደግሞ ምን ኪራይ አለው? አስገቡት» አሉ። እምቢ አልኩ። በነፃ የተሰጠኝን ነገር «አይሆንም» ሲሉኝ ልከራከርበት አልችልም፣ እሳቸውም ሲቸግራቸው «ውጡልኝ» ማለት ያፍራሉ። ውል ጻፍን። ለአንድ ዓመት የሚታደስ፣ ማንኛችንም ለማቋረጥ ብንፈልግ የሁለት ወር ማስታወቂያ የምንሰጥበት፣ ቁልፉ በኛ እጅ የሚሆን፣ አጥር ወይም በር ብንገጭ የምናሠራው እኛ የሆንበት፤ ከሌሊቱ 5 ሰዓት በኋላ ግቢ ውስጥ ክላክስም ሙዚቃም የለም። የበሩን ማጠፊያ በየወሩ ዘይት የሚቀባው ባለቤቴ ነው፤ ይሄኛው ውሉ ላይ የለም፣ የጋሼ እንቅልፍ ግን በሱ ላይ ነው የቆመው።

ስለዚህ ለሚጠይቀኝ ሰው የምለው ይህ ነው። ማንም ሊነጥቃችሁ የማይችለውን ማቆሚያ ብቻ አለ ብላችሁ ቁጠሩ። የጥበቃው ፈቃድ፣ የባዶ መንገድ ወሬ፣ ግድግዳ ላይ የተጻፈ ቁጥር፣ የጋሼ ግቢ ሳይቀር፣ ሁሉንም ዜሮ አድርጉና ቤቱን እንደገና እዩት። እንደዚያም ሆኖ መኖር የምትችሉ ከሆነ ግዙት፣ የተረፈው ሲሳይ ነው። ከዜሮ ተነስታችሁ መኖር የማትችሉ ከሆነ 12 በመቶም 20 በመቶም ቢቀነስ አይካካስም። በእግሩ መራመድ የሚቸግረው ሰው ቤት ውስጥ ካለ፣ ወይም መኪናው ራሱ እንጀራችሁ ከሆነና እቃ ጭኖ የሚያድር ከሆነ፣ እኔ አልገዛም። የኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛት የምታስቡም ቆም በሉ፤ ከተራ ሶኬት መሙላት ሌሊቱን ሙሉና ከዚያም በላይ ይፈጃል፣ ዘጠኝ ደቂቃ ርቆ ለቆመ መኪና ገመድ አይዘረጋም። እኛ በዚህ ምክንያት አሁንም በቤንዚን ላይ ነን።

ስትሸጡትስ ለሚለው፣ ያው ነው፤ ለኛ የተቀነሰልን ለሚቀጥለው ገዢ ይቀነሳል፣ የሚመጣውም ሰው ቁጥሩ ያንሳል። እኛ ለመሸጥ አልገዛንም። ተጸጽታችኋል ወይ ብትሉኝ፣ በቤቱ አልተጸጸትንም። ጠዋት ጓሮው ላይ ፀሐይ ስትወጣ ያ 9 ደቂቃ ትዝ አይለኝም፤ ለነገሩ የሚሄደው ባለቤቴ ነበር።

የባለፈው ሳምንት ወሬ ደግሞ የጋሼ የልጅ ልጅ መንጃ ፈቃድ ማውጣቱ ነው። ጋሼ በደስታ ነገሩን፣ እኛም ከልባችን እንኳን ደስ አለህ አልነው። ውላችን ሊታደስ አራት ወር ይቀረዋል። ማታ መሳቢያ ስፈትሽ ባለቤቴ ምን ትፈልጊያለሽ አለኝ። ደብተሯን፣ አልኩት።